ፍሬሙ መጨረሻ ላይ ይመጣል፦ የአሸዋ ባጊዬን እንዴት እንደነደፍኩት

ባጊ፣ ማለትም አሸዋ ላይ የሚነዳ ቀላልና ክፍት መኪና፣ ልሥራ ብሎ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚስለው ፍሬሙን ነው። አይፈረድበትም። ዓይን የሚይዘው እሱ ነው። የቱቦው አጎነባበስ፣ ከኋላ የተጋለጠው ሞተር፣ ወደ ፊት የሾለው አፍንጫ። እኔ ግን የመጀመሪያውን መስመር ያሰመርኩት ጎማው አሸዋውን ከሚነካበት ቦታ ነው። ከዚያ ጎማውን ከፍሬሙ ጋር ወደሚያገናኘው ክንድ፣ ወደ ብራቾው፣ ከብራቾው ወደ ሞላውና የሞላውን ውዝዋዜ ወደሚያበርደው አሞርዛተር፣ በመጨረሻ ወደ ፍሬሙ ሄድኩ። ይህን ቅደም ተከተል አጥብቄ ይዣለሁ። ዛሬም ሰው ሲጠይቀኝ የምመክረው እሱኑ ነው።

የባጊ ፍሬም ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው የሰስፔንሽኑ (የብራቾው፣ የሞላውና የአሞርዛተሩ) መያዣ ነጥቦች ካሉበት ንቅንቅ እንዳይሉ ማድረግ ነው። ሁለተኛው መኪናው ሲገለበጥ ውስጡ ያለውን ሰው ማትረፍ ነው። ነጥቦቹ የት እንደሚያርፉ፣ ሰውየውም የት እንደሚቀመጥ ሳይታወቅ የሚቆረጥ ቱቦ በግምት የተቆረጠ ቱቦ ነው።

የእህቴ ልጅ አብሮኝ ይሠራ ነበር። ብየዳ ይወዳል፤ እጁም ጥሩ ነው። ወረቀትና ካልኩሌተር ይዤ ቁጭ ስል ትዕግሥቱ ያልቅና «ጋሼ፣ ብረቱን መቼ ነው የምንጀምረው?» ይለኛል። «ጎማው የት ድረስ እንደሚሄድ ስናውቅ» እለዋለሁ። ቀስ በቀስ ሒሳቡ ሳበው። መጨረሻ ላይ ከእኔ ይልቅ እሱ ነበር «እስቲ ደግመን እንለካው» የሚለው።

እንግዲህ ከአሸዋው እንነሳ። ደረቅ አሸዋ ሳይናድ ሊቆም የሚችልበት ትልቁ ማዕዘን ከ30 እስከ 34 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚያ ካለፈ ይንሸራተታል። የአሸዋ ጉብታ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ለስለስ ያለ ዳገት አለው። በሌላው ጎኑ ደግሞ በዚያው ማዕዘን ቁልቁል ይወርዳል። ስለዚህ ባጊው የሚገጥመው ከባዱ ዳገት ምን ያህል እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቃል። ለሚነድፍ ሰው ይህ ትልቅ እገዛ ነው። ድንጋያማ መሬት ላይ እንዲህ ያለ ገደብ አይገኝም።

ሌላው የአሸዋ ጠባይ ማስመጡ ነው። የፊት ጎማ ከከበደ እንደ ማረሻ አሸዋውን እየሰነጠቀ ይሄዳል። ሞተሩም ጉልበቱን አሸዋ በመግፋት ይጨርሳል። ስለዚህ ፊቱ ቀለል ብሎ ላይ ላዩን መሄድ አለበት። የኋላው ጎማ ግን የሚነዳው እሱ ስለሆነ ክብደት ይፈልጋል። ክብደት ካጣ ቦታው ላይ ይሽከረከራል፣ ጉድጓዱን ይቆፍራል፣ በቃ። ሞተሩ ከኋላ የሚቀመጠው ለዚህ ነው።

ይህን ሐሳብ ለዓለም ያሳየው የካሊፎርኒያው ብሩስ ሜየርስ ነው። ሜየርስ የፋይበርግላስ ጀልባ ሥራ ያውቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ሜየርስ ማንክስ የተባለውን ባጊ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሠራ የፎልክስዋገን ቢትልን ሞተር፣ ካምቢዮና ሰስፔንሽን ወስዶ በፋይበርግላስ አካል ላይ ገጠመ። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ማንክሶች የቢትሉ ወለል እንኳ አልነበራቸውም። አካሉ ራሱ ፍሬም ነበር። በኋላ ወጪው እንዲቀንስ ብሎ የቢትሉን ወለል ወደ 36 ሳንቲ ሜትር አሳጥሮ መጠቀም ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1967 ሜክሲካን 1000 የተባለው የሜክሲኮ በረሃ የመኪና ሩጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ ያሸነፈችው ማንክስ ናት። ከእሷ የሚበልጥ ጉልበት የነበራቸው መኪኖች ነበሩ። ማንክስ ግን ቀላል ነበረች፤ ክብደቷም ያለው በሚያስፈልግበት ቦታ ነበር። የቢትል ሞተር በአየር የሚቀዘቅዝ ስለሆነ ራዲያተርና ውሃ አይሸከምም። ያ ሁሉ የተቀነሰ ክብደት ነው።

የእኔን ባጊ ሰውና ነዳጅ ጨምሮ 750 ኪሎ እንዲሆን አቀድኩ። ከዚያ ውስጥ 40 ከመቶው ፊት፣ 60 ከመቶው ኋላ። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 2.6 ሜትር፣ የስበት ማዕከሉ ከመሬት 60 ሳንቲ ሜትር። አሁን ይህችን መኪና በ30 ዲግሪ ዳገት ላይ አስቡት። ክብደቱ ወደ ኋላ ይሸሻል። ሒሳቡን ስሠራው ፊት ላይ የሚቀረው ከጠቅላላው ክብደት 23 ከመቶ ብቻ ነው። ኋላውን 70 ከመቶ ባደርገው ኖሮ ፊት የሚቀረው ወደ 14 ከመቶ ይወርድ ነበር። ያኔ መሪው መሪነቱ ያከትማል፤ ጋዝ ሲሰጥም አፍንጫው ሰማይ ያያል። ከኋላ ክብደት በበዛ ቁጥር ለአሸዋ ይሻላል የሚሉ አሉ። እስከ ተወሰነ ድረስ እውነት ነው። ዳገቱ ላይ ያለውን ቁጥር ሳያዩ ግን መወሰን አይገባም።

ወደ ጎን መገልበጥም እንዲሁ ይሰላል። በግራና በቀኝ ጎማ መካከል 1.8 ሜትር፣ የስበት ማዕከል 60 ሳንቲ ሜትር ከሆነ መኪናው ግትር ነው ብለን ብናስብ እስከ 56 ዲግሪ ድረስ ይቆማል። ስፋቱን 1.5፣ ከፍታውን 70 ሳንቲ ብናደርገው 47 ዲግሪ ይሆናል። በተግባር ሰስፔንሽኑ ስለሚያጋድል፣ የታችኛው ጎማም ስለሚሰምጥ ሁለቱም ቁጥሮች ይቀንሳሉ። ለዚህ ነው መቀመጫዎቹን እስከ ወለሉ ድረስ ዝቅ ያደረግኳቸው። በባጊ ውስጥ ከሞተርና ከካምቢዮ ቀጥሎ ከባዱ ነገር ሰው ነው።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልግባ፤ ሞላ።

ከኋላ ያለውን አንድ ጎማ እንውሰድ። ድርሻው 225 ኪሎ ነው። ከዚያ ላይ ጎማው፣ ቸርኬው፣ ፍሬኑና የብራቾው ግማሽ ይቀነሳሉ። እነሱ ከሞላው በታች ስለሆኑ ሞላው አይሸከማቸውም። 45 ኪሎ ብንቀንስ 180 ኪሎ ይቀራል። ይህ ክብደት በሞላው ላይ ላይ ታች ሲወዛወዝ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንዲወዛወዝ እንደምንፈልግ እንወስናለን። ረጅም ጉዞ ላለው የአሸዋ መኪና በሰከንድ ከ1 እስከ 1.5 ጊዜ ባለው ውስጥ መሆን ጥሩ መነሻ ነው። እኔ ለኋላው 1.3፣ ለፊቱ 1.1 ወሰድኩ። ኋላው ትንሽ ፈጠን እንዲል የሚደረገው ጉብታውን ዘግይቶ ስለሚያገኘው ነው። ፈጠን ካለ ፊቱን ይደርስበትና መኪናው ሳይወዛወዝ አብሮ ይረጋጋል። ይህን የቆየ ብልሃት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ጄኔራል ሞተርስ ውስጥ የሠራው ሞሪስ ኦሊ የሚባል መሐንዲስ ነው በደንብ ያጠናው።

1.3 ሲሰላ ጎማው ላይ የሚፈለገው ጥንካሬ በሚሊ ሜትር 12 ኒውተን ይሆናል። ይህ ግን የሞላው ቁጥር አይደለም። ሞላው የተገጠመው ጎማው ላይ ሳይሆን ብራቾው መሀል ላይ ነው። ጎማው 10 ሳንቲ ሲወጣ ሞላው 6 ሳንቲ ብቻ ከተጨመቀ ሬሾው 0.6 ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ 12ን ለ0.6 ያካፍልና 20 ኒውተን የሚል ሞላ ይገዛል። ትክክል አይደለም። ሬሾው ሁለት ጊዜ ነው የሚገባው፤ አንዴ ለኃይሉ፣ አንዴ ለርቀቱ። ስለዚህ የሚካፈለው ለ0.6 ካሬ፣ ማለትም ለ0.36 ነው። መልሱ 33 ኒውተን በሚሊ ሜትር ይመጣል። 20ውን የገጠመ ሰው መኪናው ሆዱ አሸዋ ላይ ያርፍበታል። ከዚያ አሞርዛተሩ ነው ችግሩ ብሎ አሞርዛተር ይቀይራል። እንዲህ ሲሆን ስላየሁ ነው ይህን ያህል የማጠብቀው።

ጉዞውን ደግሞ እንከፋፍለው። ለኋላ ጎማ ከታች ጫፍ እስከ ላይ ጫፍ 350 ሚሊ ሜትር ሰጠሁት። መኪናው ቆሞ ሲቀመጥ ወደ ታች 120፣ ወደ ላይ 230 ሚሊ ሜትር ይቀረዋል። ወደ ታች የሚቀረው ብዙ ሰው የሚንቀው ክፍል ነው። መኪናው ጉብታ ጫፍ ላይ ሲቀል ጎማው ወደ ታች ተከትሎ አሸዋውን የሚይዘው በዚያ ነው። እሱ ከሌለ ጎማው አየር ላይ ይሽከረከርና ሲያርፍ ጎማውን የሚያዞረውን ዘንግ፣ ሴሚያሱን፣ ይመታዋል። ከጠቅላላው ጉዞ አንድ ሦስተኛውን ለታች መተው ጥሩ መነሻ ነው።

ጎማው እስከ ላይ ጫፍ ድረስ ሲወጣ ሞላው የሚገፋው ኃይል ጎማው ላይ ወደ 4,500 ኒውተን ነው፤ የተሸከመው ክብደት ሁለት ተኩል እጥፍ ማለት ነው። አሁን ይህን ወደ አሞርዛተሩ የላይኛው መያዣ እናምጣው። ለ0.6 ሲካፈል ወደ 7,500 ኒውተን ይሆናል። ይህም ከ760 ኪሎ ክብደት ይበልጣል። መኪናው በሙሉ 750 ኪሎ ነው ብለናል። ስለዚህ አንድ ጎማ እስከ ጫፍ ሲጨመቅ መላው መኪና በአንዲት ቡሎን ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። የአሞርዛተሩ የራሱ ተቃውሞና ድንገተኛው ምት ገና አልተደመሩም።

ይህን ቁጥር ለእህቴ ልጅ ሳሳየው ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ ወዲያ «ይህችን እዚህ ቱቦ መሀል ላይ እንበይዳት» የሚል ነገር ከአፉ አልወጣም። ከሰስፔንሽኑ ጀምር የምለው ለዚህ ነው። ያ ነጥብ የት እንዳለ ካወቅን ፍሬሙ ራሱ ይሳላል። ሦስት አራት ቱቦዎች ወደዚያ ነጥብ መምጣት አለባቸው።

ወደ ፊት ሰስፔንሽን እንሂድ። ሁለት ምርጫ አለ። አንዱ የቢትሉን የፊት አክስል እንዳለ መውሰድ ነው። ሁለት አግድም ቱቦዎች፣ ውስጣቸው ሲጠመዘዝ እንደ ሞላ የሚሠራ የተደራረበ ጠፍጣፋ ብረት፣ በእያንዳንዱ ጎን ሁለት ወደ ኋላ የሚዘረጉ ክንዶች። ጠንካራና ቀላል ነው፤ አራት ቡሎን ፈትቶ አራት ቡሎን ማሰር ነው። ጉዞው ግን አጭር ነው። እኔ ሁለተኛውን መረጥኩ፤ ላይና ታች ሁለት ብራቾ። ሥራው ይበዛል፤ የጎማውን መንገድ ግን ራሴ እወስናለሁ።

የላይኛውን ብራቾ ከታችኛው አሳጠርኩት። እንዲህ ሲሆን ጎማው ወደ ላይ ሲወጣ አናቱ ትንሽ ወደ ውስጥ ያዘነብላል። መኪናው ጥምዝ ላይ ሲያጋድል የውጪው ጎማ ቀጥ ብሎ ይቆማል ማለት ነው። መሪው ሲጠመዘዝ የፊት ጎማው የሚዞርበትን መስመር አናቱን ወደ ኋላ 10 ዲግሪ አካባቢ አጋደልኩት። አስፋልት ላይ ይህ ብዙ ነው፤ መሪውን ያከብደዋል። አሸዋ ላይ ግን ፊቱ ቀላል ስለሆነ ጎማው ራሱን ወደ መሀል እንዲመልስ ይረዳል። ብራቾዎቹ የሚዞሩበትን መስመር ደግሞ ከፊት በኩል ትንሽ ከፍ አደረግኩት። ጎማው ሲወጣ በቀጥታ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ላይና ወደ ኋላ ይሄዳል። ጉብታ ከፊት ሲመታው ከምቱ ጋር አብሮ ይሸሻል። ምቱ ለእጅና ለፍሬም የሚደርሰው በጣም ተቀንሶ ነው።

የመሪው ዘንግ ጉዳይ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ከመሪ ሳጥኑ ወደ ጎማው የሚሄደው ዘንግ የራሱ ቅስት አለው። ብራቾዎቹም የራሳቸው። ሁለቱ ቅስቶች ካልተስማሙ ጎማው ላይ ታች ባለ ቁጥር ማንም ሳያዞረው ወደ ግራና ቀኝ ይዞራል። 300 ሚሊ ሜትር ጉዞ ባለው መኪና ላይ ይህ ያስፈራል። መኪናው ከዝላይ ሲያርፍ መሪውን ከእጅ ይነጥቃል። በወረቀት ላይ ደንቡ ግልጽ ነው። ከፊት ለፊት ሲታይ የላይኛውን ብራቾ፣ የታችኛውን ብራቾና የመሪውን ዘንግ መስመሮች ብናረዝማቸው አንድ ነጥብ ላይ መገናኘት አለባቸው። የዘንጉ ውስጠኛ የኳስ መጋጠሚያም (ቴስቲናም) የሁለቱን ብራቾዎች ውስጠኛ ማጠፊያዎች በሚያገናኘው መስመር ላይ መሆን አለበት።

ወረቀቱን ግን አምኜ አልተውኩትም። ሞላውን አውጥተን፣ ብራቾዎቹን በነጥብ ብየዳ በተያዙ መያዣዎች ላይ ገጥመን፣ ጎማው በሚታሰርበት ቦታ ቀጥ ያለ ረጅም ጣውላ በቡሎን አሰርን። መሪውን ቆለፍነው። ከዚያ በክሪክ ሁለት ሁለት ሳንቲ እያነሳን ከጣውላው ፊትና ኋላ ጫፍ እስከ ተወጠረው ክር ያለውን ርቀት ለካን። ልዩነቱ ከተቀየረ ጎማው ዞሯል። የውስጠኛውን ቴስቲና መያዣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ዝቅ ወይም ከፍ እያደረግን፣ ልዩነቱ በመሀሉ ጉዞ ላይ እስኪጠፋ ድረስ ደጋገምነው። ጫፎቹ ላይ ትንሽ መቅረቱ አይቀርም። ዋናው የሥራ ቦታው ነጻ መሆኑ ነው። የመሪ ሳጥኑ መያዣ ሙሉ በሙሉ የተበየደው ከዚህ በኋላ ነው። ፍሬሙ ቀድሞ ቢበየድ ኖሮ ያቺን ጥቂት ሚሊ ሜትር ከየት አመጣት ነበር?

ኋላው ቀለል ይላል። ከፊቱ ተይዞ ወደ ኋላ የሚዘረጋ አንድ ወፍራም ክንድ ነው። የክንዱ ማጠፊያ መስመር ከመኪናው ጎን ለጎን ቀጥ ያለ ከሆነ ጎማው ሲወጣና ሲወርድ አይዞርም፣ አያጋድልም። ጉድለቱ መኪናው ሲያጋድል ጎማውም በዚያው ልክ አብሮ ማጋደሉ ነው። አስፋልት ላይ ይጎዳል፤ ለስላሳ ሰፊ ጎማ ባለው የአሸዋ መኪና ላይ እምብዛም አይታወቅም። ክንዱ ግን ከባድ ሸክም አለበት። መኪናው በጎኑ ሲንሸራተት ጎማው ሥር የሚመጣው ኃይል ክንዱን ይጠመዝዘዋል። ለዚህ ክፍት ቅርጽ አይሆንም። ከላሜራ ቆርጬ በአራቱም በኩል የተዘጋ ሳጥን አደረግኩት፤ ሁለቱን ማጠፊያዎቹንም በተቻለ መጠን አራራቅኳቸው።

ሴሚያሱ ላይ ያሉት፣ እየታጠፉ የሚያዞሩት መጋጠሚያዎች፣ ሲቪ ጆይንቶች፣ የራሳቸው የማዕዘን ገደብ አላቸው። ገደቡን ሲያልፉ ይነክሳሉ፤ ከዚያ ይሰበራሉ። ክንዱ እስከ ታች ሲወርድ ማዕዘኑን ለኩ፤ እስከ ላይ ሲወጣም ለኩ። ታችኛውን ጫፍ የሚያቆመው አሞርዛተሩ መሆን የለበትም። ውስጡ ያለው ፒስተን ጫፉን እየመታ ይጎዳል። ከናይለን የተሰፋ ማገጃ ጠፍር ይታሰርና ክንዱን ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ ይይዘዋል። ጠፍሩ ሲወጠር እንደሚለጠጥ አስቡና ከተለካው ትንሽ አሳጥሩት።

አሞርዛተር ላይ ብዙ አልቆይም። ሥራው የሞላውን ውዝዋዜ ወደ ሙቀት መቀየር ነው። አሸዋ ላይ ጉብታው ተከታታይ ነው፤ ማረፊያ የለውም። ዘይቱ ይግላል፣ ይቀጥናል፣ ከአየር ጋር ከተቀላቀለም ይረግጣል አይረግጥም የማይታወቅ አረፋ ይሆናል። ስለዚህ ዘይቱና የናይትሮጅን ጋዙ በተንሸራታች ፒስተን የተለዩበት፣ ቢቻል የጎን ማጠራቀሚያ ያለው መሆን አለበት። ሲስተካከል ደግሞ መመለሻውን፣ ማለትም ጎማው ተጨምቆ ወደ ታች ሲመለስ የሚገጥመውን ተቃውሞ፣ ከልክ በላይ አታጥብቁ። ጎማው ከአንዱ ጉብታ ሳይመለስ ሌላው ይመጣበታል። በየምቱ እየሰመጠ ሄዶ በመጨረሻ ጉዞ የሌለው መኪና ይሆናል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ሞላው ለስላሳ ነው ብሎ ይደመድማል። በጣም ከላላ ደግሞ ኋላው ሽቅብ ይወረወራል።

እንግዲህ አሁን ብረት ይቆረጣል።

የውሃ ቧንቧ ለፍሬም አይሆንም። የተሠራው በውስጡ ውሃ እንዲያልፍ ነው እንጂ ሰው ራስ ላይ እንዲያርፍ አይደለም። ዚንክ የተቀባ ከሆነ ደግሞ ሲበየድ የሚወጣው ጭስ ያሳምማል። መነሻ ለሚፈልግ ሰው የዓለም አቀፉ የመኪና ስፖርት ፌዴሬሽን፣ ፊያ፣ ለመከላከያ ቱቦ ያስቀመጠው መጠን አለ። ከሾፌሩ ጀርባ ለሚቆመው ዋና ቅስት 45 በ2.5 ወይም 50 በ2 ሚሊ ሜትር፣ ለሌሎቹ 38 በ2.5 ወይም 40 በ2። ቱቦው መጋጠሚያ የሌለው፣ በቅዝቃዜ የተሳበ የካርቦን ብረት ሆኖ ቢያንስ 350 ኒውተን በካሬ ሚሊ ሜትር መቋቋም አለበት። እኔም በዚሁ ሄድኩ።

የቱቦ ምርጫ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። 32 ሚሊ ሜትር ስፋትና 3 ሚሊ ውፍረት ያለው ቱቦ በሜትር ወደ 2.15 ኪሎ ይመዝናል። 38 ስፋትና 2.5 ውፍረት ያለው ደግሞ ወደ 2.19 ኪሎ። በክብደት እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ለመጉበጥ ያለው ግትርነት ግን በሁለተኛው በግማሽ ይበልጣል። ብረቱ ከመሀል ራቅ ባለ ቁጥር የበለጠ ይሠራል። ወፍራም ግድግዳ ያለው ቀጭን ቱቦ በእጅ ሲያዝ ጠንካራ ይመስላል፤ ስሜቱ ግን ያታልላል።

ክሮሞሊ የሚባለውን 4130 ብረትም ሰው ይጠይቀኛል። ጥሩ ብረት ነው። ከተራው ብረት ይበልጥ ሳይታጠፍ ይቋቋማል። ግትርነቱ ግን አንድ ነው። ሁሉም ዓይነት ብረት ወደ 200 ጊጋፓስካል አካባቢ ነው። በተመሳሳይ ስፋትና ውፍረት የተሠራ የክሮሞሊ ፍሬም ከተራው እኩል ይጠመዘዛል። ጥቅሙ የሚመጣው ግድግዳውን አሳስተህ ክብደት ስትቀንስ ነው። ያኔ ደግሞ ብየዳው ንጹሕና በጥንቃቄ የተሠራ መሆን አለበት። እኛ የምንበይደው በሚግ፣ ማለትም የብየዳ ሽቦው ራሱ እየወጣ በሚበይደው ማሽን፣ ስለሆነ ተራውን ብረት መረጥኩ፤ ቅር አላለኝም።

አራት ጎን ያለው ክፈፍ በማዕዘኖቹ ላይ ይታጠፋል። ሦስት ማዕዘን ግን ቱቦው ራሱ ካልተሰበረ ወይም ካልተለጠጠ ቅርጹን አይለቅም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ክፍት አራት ጎን ውስጥ ሰያፍ ቱቦ ለማስገባት ታገልኩ። የማይቻልበት ቦታ አለ፤ ሰው የሚገባበት በር። እዚያ ጋ በጣሪያው፣ በወለሉና ከመቀመጫው ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ ሰያፉን በማብዛት ይካሳል። የጎበጠ ቱቦ ደግሞ ሸክም ሲመጣበት መጀመሪያ የሚሸነፈው እጥፋቱ ላይ ነው። በተቻለ መጠን እጥፋት ባለበት ሁሉ ሌላ ቱቦ መጥቶ ይደግፈው።

ቱቦ ከመንካታችን በፊት የሰውየውን ቦታ በፕላስቲክ ቧንቧና በዱላ ሠራነው። ከሚነዱት ሰዎች ረጅሙ ሄልሜት አድርጎ ተቀመጠበት። ከሄልሜቱ እስከ ቅርቡ ቱቦ ቢያንስ 8 ሳንቲ ሜትር ተውን፤ ቱቦውም በጠንካራ ስፖንጅ ይጠቀለላል። የትከሻ ቀበቶዎቹ የሚታሰሩበት አግድም ቱቦ ከትከሻ ጋር እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ያለ መሆን አለበት። በጣም ዝቅ ካለ በምት ጊዜ ቀበቶው አከርካሪን ወደ ታች ይጫናል። የዚያን ቱቦ ከፍታ የወሰነው የነጂው ትከሻ ነው። ክንድ እንዳይወጣ የሚይዝ ጠፍርም አለን። መኪናው ሲገለበጥ እጅ ሳይታሰብ ወደ ውጭ ይዘረጋል።

አንዳንድ ሰው ባጊ ውስጥ ሲያየው የሚገረምበት ነገር ሁለት የፍሬን እጀታ ነው። አንዱ የኋላ ግራ ጎማን፣ ሌላው የኋላ ቀኙን ብቻ ይይዛል። ፊቱ ቀላል ስለሆነ በለስላሳ አሸዋ ላይ መሪ ብቻውን መኪናውን አያዞርም። የውስጠኛውን የኋላ ጎማ ያዝ ሲያደርጉት መኪናው ይዞራል። የእጀታው መያዣ ላይ ሰው በሙሉ ጉልበቱ ይስባል፤ ስለዚህ ላሜራ ላይ ሳይሆን ቱቦ ላይ ነው የታሰረው።

መያዣዎቹ ሁሉ ቡሎኑን በሁለት በኩል የሚይዙ ናቸው። በአንድ በኩል ብቻ የተያዘ ቡሎን ይታጠፋል። የቡሎኑ ጥርስ ያለበት ክፍል መያዣው ላይ እንዳያርፍ ርዝመቱን መርጠን ገዛን፤ ጥርሱ ባለበት ቡሎን ደካማ ነው። የኳስ መጋጠሚያዎችን አሸዋ በፍጥነት ስለሚበላቸው የጎማ ሽፋን አደረግንላቸው። ብዙ ጉዞ በማያስፈልግባቸው ቦታዎች ጎሚኒ፣ ማለትም የላስቲክ ማጠፊያ፣ ይበልጣል።

ብየዳውን የእህቴ ልጅ መራው። መጀመሪያ ከዚያው ቱቦ ቁራጭ ወስዶ በየደና በመጋዝ ለሁለት ከፈለው፤ ብየዳው ሥር ድረስ መግባቱን በዓይናችን አየን። ሚግ ላዩ አምሮ ውስጡ ያልተያያዘ ብየዳ ሊሰጥ ይችላል። የቱቦዎቹ ጫፍ በሌላው ቱቦ ዙሪያ ልክክ እስኪል ድረስ ተሞረደ። ክፍተትን በብየዳ መሙላት ብሎ ነገር የለም። ፍሬሙ በሙሉ በነጥብ ብየዳ ብቻ ቆመ፤ ሰያፎቹ ግራና ቀኝ እኩል መሆናቸው ተለካ፤ ከዚያ ብቻ አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ፣ አንዴ ፊት አንዴ ኋላ እያለ በየደው። ሙቀት በአንድ በኩል ከተከማቸ ፍሬሙን ይስበዋል።

በነጥብ ብየዳ ላይ እንዳለ ሌላም ፈተና አደረግንለት። ሦስቱን የሰስፔንሽን ማዕዘኖች ድጋፍ ላይ አስቀምጠን አራተኛው ላይ ክብደት ሰቀልንና ምን ያህል እንደወረደ ለካን። ከዚያ አንድ ሰያፍ ቱቦ በነጥብ ይዘን ደግመን ለካን። አንዳንዱ ሰያፍ ንባቡን ጭራሽ አልነካውም፤ አወጣነው። ከመቀመጫው ጀርባ ያለው ግን ትልቅ ለውጥ አመጣ። ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ትንተና ይህንኑ ያሳያል። በእጅ ሲደረግ ግን ፍሬሙ የት እንደሚጠመዘዝ በዓይን ይታያል፤ ለልጁም ከየትኛውም ማብራሪያ ይሻለው ነበር።

አሸዋ ላይ ስናወጣው በእያንዳንዱ አሞርዛተር ዘንግ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ አሰርን። ጎማው ምን ያህል እንደተጨመቀ ማሰሪያው ተገፍቶ የቆመበት ቦታ ይናገራል። በዝግታ ጀምረን፣ ቆመን እያነበብን፣ ፍጥነቱን ጨመርን። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ቡሎኖቹ ሁሉ በቁልፍ ይዳሰሳሉ፤ የብየዳ መስመሮችም በብሩሽ ጸድተው ይታያሉ። ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ቀለም ላይ እንደ ፀጉር በቀጠነ መስመር ነው፤ ለዚህ ነው ፍሬሙ እስካሁን በስስ ነጭ ቀለም ብቻ ያለው።

ፊቱ ላይ ማሰሪያው ከጫፍ ራቅ ብሎ ይቆማል፤ አልነካውም። ኋላው በትልልቅ ዝላይ እስከ መጨረሻው ይደርሳል። መደበኛውን ጉዞ ሳያከብድ ይህን የሚይዘው የሃይድሮሊክ ማቆሚያ ነው። መያዣው የሚበየደው አሞርዛተሩ ካለበት አንጓ ላይ፣ ሦስቱ ቱቦዎች ከሚገናኙበት ነው። ጎማው ወደ ላይ 60 ሚሊ ሜትር ሲቀረው መንካት እንዲጀምር አድርጌ ስዬዋለሁ። የእህቴ ልጅ ላሜራውን ቆርጧል፤ ቀዳዳዎቹ ቀርተውናል።